ሳይቀነስ

ደብረ ሲና ላይ ነው፣ ከመናኸሪያው በታች፣
ከቆሎ ሻጮቹ ትንሽ ፈንጠር ያለች፣
ጉም በር ሳያንኳኳ የሚገባባት ሱቅ፤
አለኝ ኮምፒውተር፣ ሲነሳ የሚያቃስት፣ ሲሞቅ የሚስቅ።

የሲዲ ዘመን አልፏል ብዬ ነበር እኔ፤
ባዶ ሲዲዎቼን፣ ሃምሳውን፣ ከጎኔ
አቧራ አልብሼ ትቻቸው ሳለሁ፣
ማናህሎት ገባ፦ «ሥራ ይዣለሁ።»

የኤፍኤስአር ሾፌር ነው፤ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ፣
ናፍጣው ቀደመው በበሬ ሲገባ።
ከደረት ኪሱ ውስጥ በፌስታል ጠቅልሎ
ፍላሽ አወጣና አስቀመጣት ቀስ ብሎ፣
እንቁላል ይመስል።

«የቅጣው ድምፅ ነው፣ የረዳቴ፤» አለኝ።
«ጣርማበር ላይ ሌሊት፣ ጉም መንገድ ሲነሳኝ፣
በዜማ ከዓይኔ ላይ እንቅልፍ ሲያነሳልኝ፣
አንድ የድምፅ ተማሪ መሐል ተቀምጦ
የቀዳው ነው። ምንም አልወጣም ተቆርጦ።»

ከፈትኩት። ፍላክ ነው። እንደ ክት ነጠላ
ታጥፎ የኖረ ነው፤ አንድ ክር አልላላ።

«ኤምፒስሪ ባደርገው መቶ ዘፈን ይይዛል።»
«ኤምፒስሪ ድምፅ ይልጣል። ልጣጩን ይጥላል።
ደግሞም ማጫወቻዬ እንደኔው አሮጌ ነው፤
የሙዚቃ ሲዲ ካልሆነ ጎርሶ ነው የሚተፋው።»

«ጫጫታውን ላጽዳ? ማርሹ ሲንቋቋ፣
መጥረጊያው ሲያለቅስ፣ ዝናቡ ሲያንኳኳ…»
«ተው!» አለኝ። «ሳሉንም። ሳሉን እንዳትነካ።
ያ ሳል ነበር ቀድሞ የነገረን ለካ።»

ከዚያ ወዲያ ዝም አልን።

አሁን ጉሮሮው ላይ ቀዳዳ አለው ቅጣው፤
ሐኪም ነፍሱን ትቶ ድምፁን ነው ያወጣው።
ዛሬም ረዳት ነው፤ ጎማ ሥር ድንጋይ ያኖራል፣
«ሳበው!» ለማለት ግን በሩን ሁለት ጊዜ ይመታል።

የታጠፈውን ፋይል ዘረጋሁት ሙሉ፣
አሥራ አራቱን ዜማ፣ ከነጉም ከነሳሉ።
የሲዲ ዕድሜው ግን እንደ ዳዊቱ ነው፦
ሰባ አራት ነው ልኩ፣ ሰማንያ የበረታው።
የኛ ሲለካማ ከሰማንያ አለፈ፤
አሥራ አራት ሰከንድ ከዳር ተረፈ።

«ከየትኛው ላንሳ?» ልለው ስል አየሁት፣
በዜማና በዜማ መሐል ያለውን ክፍተት፣
ፕሮግራሙ በራሱ የጨመረው ዝምታ፣
ሁለት ሁለት ሰከንድ።
ዜማው አይደለም የበዛው፤ የበዛው ጸጥታ።

«ንቀለው!» አለኝ። «ዝምታ ጋቢናዬን ሞልቶታል፤
ደግሞ ብር ከፍዬ ዝምታ ይገዛል?»

ዜሮ አልኩት ክፍተቱን። በአራት ፍጥነት፣ አዝግሜ፣
ማቃጠል ጀመርኩኝ፣ እንደ ቅዳሴ ቆሜ።
ማቃጠል ይሉታል፣ የማይነድበት ሥራ፤
ጢስ የለው፣ አመድ የለው፣ ቀይ ብርሃን ነው የሚያወራ።

ስልሳ በመቶ ላይ መብራት ሄደ።
ሲዲው ግማሹን ነድዶ ግማሹን ካደ።
ሁለተኛው ሰባ ላይ። ማናህሎት አልተቆጣም፤
የከሸፉትን ያዘ፦ «እነዚህ አይጣሉም።
ሮቢት ማሽላ አለኝ፤ ወፍ ጠባቂው ደነዘዘ።»

ሦስተኛው አለቀ። ዘጋሁት። ከእንግዲህ
የሚጨመርበት፣ የሚሰረዝበት የለም።

ወረድን ወደ መኪናው። ቅጣው ጋቢና ነበር፣
ጉም ከመስታወቱ በጨርቅ ሲያባርር።
ማጫወቻው ጎረሰ። አሰበ። አንጎራጎረ።
መጀመሪያ ዝናብ። ማርሽ። ሳል። ከዚያ ያ ድምፅ ጀመረ፤
ከመኪናው እኩል የሚወርድ ቁልቁል፣
ግጥሙ ሲጠፋው በፉጨት የሚያድበለብል።

ቅጣው ዞር አላለም። ጨርቁ እጁ ላይ ቆመ።
ከንፈሩ ግን ሄደ፣ ያለ ድምፅ፣ ከራሱ ኋላ፣
እንደ ዳዊት ደጋሚ፤
ስሕተቱ ጋ ሳይደርስ ፈገግ አለ፣ ያውቃታልና።
ከዚያ እጁን በመስኮት አወጣ፤
በሩን ሁለት ጊዜ መታ።

ጥቅምት ላይ ሮቢት ስወርድ፣ ከማሽላው ማሳ መሐል
ሁለት ሲዲ አየሁ፤ በሲባጎ፣ ነፋስ ያዞራቸዋል።
ስልሳው በመቶ አንዱ ላይ፣ ሰባው በሌላው ላይ፣
የቅጣው ድምፅ አለ፤ የማይሰማ፣ ግን የሚታይ።
ወፎቹ ግራሩ ላይ ሰፍረዋል።
አንዷም አልወረደች።